ሐዋሳ በ2028 ስንት ጠቅላላ ሐኪም ያስፈልጋታል? (ኤክሴሌ ግራ አጋብቶኛል)

ታቦር_ግርጌ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ጤና ዕቅድ ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቴን ግን አልጠራም። አለቃዬ ትናንት ጠርቶ «እስከ 2028 የከተማችን ጤና ጣቢያዎች ስንት ጠቅላላ ሐኪም እንደሚያስፈልጋቸው በአንድ ገጽ አድርገህ አምጣልኝ» አለኝ። እኔም ሞኙ «እሺ፣ እስከ ዓርብ» ብዬ ወጣሁ።

እስካሁን የሠራሁት ይኸው፣ ሳትራሩ ተቹልኝ። መነሻዬ የ1999ኙ ሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ የለማ! በ2010 ይካሄዳል ተባለና ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ በዚያው ቀረ። በዚያ ቆጠራ የከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ፣ ዙሪያው ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ተጨምረው፣ 258,808 ነበር። በዓመት 4 ከመቶ አደገ ብዬ ወደ 2028 ስወስደው 807 ሺህ ገደማ ሆነ። 5 ከመቶ ስለው ደግሞ 1 ሚሊዮን 65 ሺህ። እስቲ ልዩነቱን ቀንሱት። 258 ሺህ! በ1999 የተቆጠረችው ሐዋሳ እንዳለች ማለት ነው። አንዲት «ከመቶ አንድ» ስነካካ አንድ ሙሉ ከተማ ብቅ ይላል ወይ ይጠፋል።

ከዚያ «ለ10 ሺህ ሰው 1 ሐኪም» ብዬ አካፈልኩ። በአንደኛው 81፣ በሌላው 107 መጣ። አለቃዬ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። መሃሉን ልስጠው?

---

ባጃጅ_ተራ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:52

94 በለው። ማን ይፈትሸዋል?

---

ታቦር_ግርጌ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:55

እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው ወንድሜ።

---

ካርድ_ክፍል_ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

ሕዝቡን ከቆጠራ ከምታመጣው እኔ መስኮት ላይ መጥተህ አንድ ጠዋት ቁም። «አድራሻ?» ስል ቀና ብለው አይተውኝ ትንሽ የሚያመነቱ አሉ። ከዚያ «መናኸሪያ ክፍለ ከተማ» ይላሉ። ቀበሌ ስጠይቅ ወደ ኋላ ዞረው ያመጣቸውን ዘመድ ያያሉ። ሰውየው ከዶሬ ባፋኖ ወይ ከወንዶ ገነት ነው የመጣው፤ ዘመዱ ቤት አድሯል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሰልፍ ይዟል። ከሻሸመኔ በኩልም ይመጣሉ። ልከልክል? እንዴት አድርጌ?

አንተ ወረቀት ላይ ለሐዋሳ ሕዝብ ነው የምታቅደው። እኔ ካርድ የማወጣው ግን ሐዋሳ ዘመድ ላለው ሁሉ ነው።

---

ጡረተኛ_መኮንን · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ልፋትህ ደስ ይላል፤ መንገዱ ላይ ግን ተሳስተሃል። እኔ በጤና መኮንንነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጤና ጣቢያ ውስጥ። ያ «ለ10 ሺህ አንድ» የምትለው ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚሠራውንም፣ የሚያስተምረውንም፣ ቢሮ የተቀመጠውንም ሐኪም አንድ ላይ አድርጎ ለሕዝብ ማካፈል ነው። አገሪቱ የት እንዳለች ለማየት ይጠቅም ይሆናል። አንድ ጤና ጣቢያ ስንት ሐኪም ይበቃዋል ብሎ ለመመለስ ግን ምንም አይጠቅምም። የእኛ አገር ጤና ጣቢያ ደግሞ በሐኪም የቆመ ቤት አልነበረም፤ ጎንደር በ1940ዎቹ ጤና መኮንን ማሠልጠን ከጀመረች ጊዜ አንስቶ በሽተኛውን የምናየው እኛና ነርሶቹ ነን።

ከሰው ቁጥር ሳይሆን ከሥራው ጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ዊስን የሚሉት ዘዴ አለው፣ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ባለሙያ በዓመት በእርግጥ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ አንዱ ሥራስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አካፍለህ ታገኛለህ።

እስቲ አብረን እንሥራው። 52 ሳምንት በ5 ቀን 260 ነው። 20 የዓመት ፈቃድ፣ ቅዳሜና እሑድ ላይ ያልዋሉ በዓላት 10፣ ሕመም፣ ሥልጠናና ዘመቻ 15 አውጣ። 215 ቀረ። በቀን ከስብሰባ፣ ከሪፖርትና ከሻይ የተረፈ 5 ሰዓት ንጹሕ የበሽተኛ ሰዓት ስጠው፤ ይህም ቸርነት ነው። ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ካልን በቀን 30፣ በዓመት 6,450 ሰው ያያል።

በስታንዳርዱ የከተማ ጤና ጣቢያ የሚያገለግለው 40 ሺህ ሕዝብ ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ካልክ 6 ሰው ገደማ ይበቃሃል። አንድ ተኩል ጊዜ ይመጣል ካልክ ከ9 ይበልጣል። ይህ «ሰው» ያልኩት ሐኪም ነው፣ መኮንን ነው ወይስ ነርስ? መጀመሪያ አለቃህን እሱን ጠይቀው።

---

ታቦር_ግርጌ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሠራሁት፤ አንድ የሚገርም ነገርም አየሁ። 10 ደቂቃውን 15 ሳደርገው አንድ ባለሙያ በዓመት የሚያየው ወደ 4,300 ይወርዳል፤ 40 ሺህን ለእሱ ሳካፍል 9.3። ቅድም በ10 ደቂቃ 60 ሺህ ካርድ (40 ሺሁ ሰው አንድ ተኩል ጊዜ ሲመጣ) ብዬ የደረስኩበትም 9.3 ነበር። ለአንድ በሽተኛ 5 ደቂቃ መጨመርና 20 ሺህ ካርድ መጨመር እኩል መጡ ማለት ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከሕዝብ ዕድገት ጋር ስታገል ነው ያደርኩት፤ ደቂቃዋን አንዴም አላየኋት።

---

ሲስተር_ከቱላ · ረቡዕ፣ ቀን 7:10

10 ደቂቃ? በምን ቋንቋ ተነጋግረው? የእኛ ዶክተር ሲዳምኛ አይችልም። እናትየዋ ታወራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሱ ይጠይቃል፣ መልሼ እተረጉማለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን አንድ የሆድ ሕመም ሁለት ጊዜ ነው የሚታከመው። ሠንጠረዥህ ውስጥ ለዚህ መስመር አለው?

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። እኔ ቀጠሮ ክፍል ነኝ፤ ደም ግፊትና ስኳር። ድሮ ክረምት ሲወጣ ወባ ይመጣ ነበር፤ ያክሙታል፣ ይድናል፣ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ካርድ። አሁን የሚመጣው ሰው አይሄድም። ወር ሲሞላ ይመለሳል፣ ደግሞ ወር ሲሞላ ይመለሳል፣ እስኪሞት ድረስ በዓመት 12 ጊዜ። ትናንት ጠዋት አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ግማሽ የሚጠጉት አዲስ ሕመም አልነበራቸውም፤ ክኒናቸው አልቆ ነው የመጡት። አንዲት እናት ባዶ ብልቃጧን በነጠላ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ «ይቺን ስጭኝና ልሂድ» ትላለች። የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ መያዣው ስለላላ በእጄ ይዤው ነው የምለካው። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ዶክተሩ ፈረመ፣ ሄደች። 12 ጊዜ!

---

ታቦር_ግርጌ · ረቡዕ፣ ቀን 8:30

ሲስተር፣ ጉድ አመጣሽብኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዕድሜ ካሉት ከመቶ 16 ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸው ነበር። የእኛን 40 ሺህ ብንወስድና 60 ከመቶው በዚያ ዕድሜ ነው ብንል (ግምቴ ነው) 24 ሺህ ሰው፣ ከዚያ 16 ከመቶው 3,840። ሁሉም ታውቆላቸው በየወሩ ቢመጡ በዓመት 46 ሺህ ካርድ። ለደም ግፊት ብቻ ከ7 በላይ ሐኪም! በየ3 ወሩ ቢሆን ግን 15 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 2 ሐኪምና ትንሽ። በየ6 ወሩ ቢሆን አንድ ሐኪምና ትንሽ።

---

ሲስተር_ከቱላ · ረቡዕ፣ ቀን 8:41

ለኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ደህና የሆኑትን በ6 ወር መቅጠር ከጀመርን ቆየን። ማንም አልሞተብንም። ለግፊት ለምን አይሆንም ብዬ ስብሰባ ላይ ጠይቄ ነበር። መድኃኒቱ መደብሩ ውስጥ የ6 ወር አይኖርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የአንድ ወርም የማይኖርበት ጊዜ አለ። እና የሐኪም እጥረት የምትሉት ግማሹ የክኒን እጥረት ነው።

---

ያለ_መደብ · ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ይህን ክር ሳነብ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ተመርቄ፣ የብቃት ፈተናውን አልፌ፣ ፈቃዴን ይዤ፣ ቅጥር ፍለጋ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። የምሰማው አንድ ነው፦ «መደብ የለም፣ በጀት ሲለቀቅ እንጠራሃለን።» ስልኬን እስካሁን አልቀየርኩም።

እናንተ በ2028 80 ነው 107 እያላችሁ ነው። እኔ ዛሬ አለሁ። እኔን የመሰሉ ስንት እንደሆኑ አብረን ያለቀስን እናውቃለን። ታቦር፣ ወንድሜ፣ አንድ ገጽህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ እያደረግክ ነው። አንደኛው የሚያስፈልገው ነው፤ አንተ ያሰላኸው 3,840 ሰው፣ ብዙዎቹ ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ ቤታቸው ያሉ። ሁለተኛው የሚመጣው ነው፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የሚሰለፈው። ሦስተኛው መደብ ነው፤ ፋይናንስ ደመወዝ የሚከፍልለት ወንበር። አለቃህ የጠየቀህ የትኛውን ነው? ሦስተኛውን ከሆነ ኤክሴል አያስፈልግህም፣ በጀት ክፍል ደውል።

ሌላም ልጨምር። በሠንጠረዥህ ሐኪም የሚቀጠር እንጂ የሚለቅ የለም። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው ለምን ሥራ እንዳቆመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእኔ ባች የተቀጠሩት ማታ የግል ክሊኒክ ይሠራሉ፣ ቀን የእንግሊዝኛ ፈተና ያጠናሉ።

---

ባጃጅ_ተራ · ረቡዕ፣ ማታ 1:34

ዶክተር አይዞህ። ቅድም ቀልጄ ነበር፣ ይቅርታ።

---

ከሜሪላንድ · ረቡዕ፣ ማታ 4:50

እዚህ አሜሪካም ከዚህ የባሰ ተሳስተዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. መንግሥት ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ በ1990 ወደ 70 ሺህ፣ በ2000 ደግሞ ወደ 145 ሺህ ትርፍ ሐኪም ይኖራል ብሎ ተነበየ። ዛሬ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚለው ተቃራኒውን ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በ2036 እስከ 86 ሺህ ሐኪም ሊጎድል ይችላል ይላል፤ ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ብቻ ከ20,200 እስከ 40,400። እንግሊዞችም ያቋቋሙት ኮሚቴ በ1957 እ.ኤ.አ.፣ ሐኪም ሊበዛ ነው ብሎ፣ የሕክምና ተማሪ ቅበላ በ10 ከመቶ ገደማ እንዲቀነስ መከረ። ብዙም ሳይቆይ እጥረት መጣና ከሕንድና ከፓኪስታን ሐኪም ሲያስመጡ ኖሩ።

---

ጡረተኛ_መኮንን · ሐሙስ፣ ጠዋት 1:00

አሜሪካ ተሳሳተች ብለን እኛ አንቁጠር ማለትህ ነው?

---

ከሜሪላንድ · ሐሙስ፣ ጠዋት 1:25

የለም ጋሼ፣ እንደዚያ አላልኩም። ኔዘርላንዶች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን ብቻ የሚሠራ ተቋም አላቸው። በየ3 ዓመቱ ገደማ እንደገና ያሰሉና ለስንት የቤተሰብ ሐኪም የሥልጠና ቦታ ይከፈት ብለው ለመንግሥት ይመክራሉ። እነሱም ይሳሳታሉ፣ ግን ስሕተቱ ሳይከርም ነው የሚይዙት። የታቦር አለቃ ወረቀቱን ለ10 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ሊከተው ከሆነ 94ም ይሁን 300 ለውጥ የለውም።

---

ዳቶ_አከራይ · ሐሙስ፣ ቀን 6:15

እኔ የጤና ሰው አይደለሁም፣ ቤት አከራያለሁ። ስለ ትንበያ የማውቀውን ልንገራችሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። እኛም አመንን። እኔ ግቢዬ ውስጥ ተደርድረው የሚከራዩ 6 ክፍሎች ጨመርኩ፤ አንዱ ክፍል ውስጥ 4 ልጆች ይገቡ ነበር፣ ሁሉም ከገጠር የመጡ ሴቶች፣ 18፣ 20 ዓመት። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው በእነሱ ነበር የሚሞላው፤ የእርግዝና መከላከያ፣ የጨጓራ፣ የሽንት መስመር። ቅዳሜ በተለይ፣ ምክንያቱም በሥራ ቀን ፈረቃ አለባቸው። ከዚያ በ2014 አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባውን ዕድል ከለከለች። ትልልቆቹ ወጡ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ክፍሎቼም ባዶ ቀሩ።

በ2010 ዕቅድ የሠራ ሰው ቢኖር እነዚያን ልጆች ቆጥሮ ነበር፣ ትክክልም ነበር። ዋሽንግተን ላይ የሚወሰነውን ግን ከየት አምጥቶ ኤክሴል ውስጥ ይከተዋል?

---

ታቦር_ግርጌ · ሐሙስ፣ ቀን 6:40

ጋሼ ዳቶ፣ አሁን ክፍሎቹን ማን ያዛቸው?

---

ዳቶ_አከራይ · ሐሙስ፣ ቀን 6:52

ሁለቱን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዱን ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት፣ ሌሎቹን ቀን ሠራተኞች። በተለይ ያቺ ሕፃን ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች፣ ክትባት አለባት። የሚመጣው ሰው ብዛቱ ያው ሊሆን ይችላል፣ ዓይነቱ ነው የሚለየው።

---

ሬዚደንት_2ኛ_ዓመት · ሐሙስ፣ ማታ 3:00

የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፣ አዲስ አበባ። (አዎ፣ እንዲህ የሚባል ስፔሻሊቲ አለ። እናቴም ዛሬም «መቼ ነው ስፔሻላይዝ የምታደርጊው?» ትላለች።) ሥልጠናው አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ2005 ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ 3 ዓመት ይፈጃል። ሲስተር የምታያቸው ሰዎች፣ ግፊትም ስኳርም ያለባቸው፣ ልጃቸው የሚያስል፣ ምራታቸው ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሁሉም የኛ በሽተኞች ናቸው። ግን ስንመረቅ ጤና ጣቢያ የሚጠብቀን ወንበር ገና አልተሠራም።

ታቦር፣ አንድ ነገር ብቻ አስተውል። በ2028 አዲስ ተመርቆ ጤና ጣቢያህ ገብቶ የሚቀመጠው ሐኪም ዛሬ 8ኛ ወይ 9ኛ ክፍል ነው። የቤተሰብ ሐኪም ከፈለግክ ደግሞ አሁን 12ኛ ክፍል አካባቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ለ2028 የምትጽፈው ቁጥር ለትምህርት ሚኒስቴር ነው እንጂ ለአንተ መሥሪያ ቤት አይደለም። አንተ መቅጠር የምትችለው ለሚቀጥሉት 3 ዓመታት ነው፤ ለዚያ የሚሆኑት ደግሞ ተመርቀው ቁጭ ብለዋል። አንዱ እዚሁ ክር ላይ ጽፏል።

---

ያለ_መደብ · ሐሙስ፣ ማታ 3:08

አለሁ።

---

ታቦር_ግርጌ · ዓርብ፣ ቀን 10:20

አቀረብኩት። አንድ ገጽ አልሆነም፣ ሁለት ሆነ። ለጠየቃችሁኝ ላጠቃልል።

81፣ 94፣ 107 ሁሉም ወጡ። በምትካቸው ለአንድ 40 ሺህ ሕዝብ ለሚያገለግል ጤና ጣቢያ ሦስት አማራጭ አስቀመጥኩ። ዛሬ እንዳለው ከቀጠልን፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን በየ3 ወሩ ከቀጠርንና ደህና የሆኑትን ነርስ ካየቻቸው፤ ያልታወቀላቸውንም በሰፈር ኤክስቴንሽን ባለሙያ ፈልገን ካገኘናቸው። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ጤና መድኅኑም ሲሰፋ ያው ነው። ያን በደማቅ ጻፍኩት፣ ጥሩ ሥራ ስንሠራ ሰልፉ ይረዝማል ብዬ። ከሥሩ «ይህ ሠንጠረዥ በ2021 እንደገና ይሰላ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከሜሪላንድ፣ ያቺ ያንተ ናት።

አለቃዬ አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ስንት ነው?» አለኝ። «የትኛውን ልንከተል እንደወሰንን ይወሰናል» አልኩት። «እኔ ቁጥር ነው የጠየቅኩህ፣ አንተ ጥያቄ አመጣህልኝ» አለኝ፤ ግን ወረቀቱን አልመለሰልኝም፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። በመጨረሻም 10 ደቂቃ ያልኩትን ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። መድረክ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ማለት አፍሬ «በተግባር የታየ» አልኩ። «በየትኛው ተግባር? ሄደህ በሰዓት ቆጥረህ አምጣ» አለኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ሰዓት ይዤ አንድ ኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ውስጥ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።

---

ሲስተር_ከቱላ · ዓርብ፣ ማታ 1:05

እኛ ጋ ና። ግን አንድ ቀን ብቻ ቆጥረህ እንዳትሄድ። የገበያ ቀን ሌላ ዓለም ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ዕቃውን ሸጦ፣ አህያውን አሥሮ ነው ካርድ የሚያወጣው፣ ያን ቀን አስተርጓሚዋ እኔ ብቻ ነኝ።

---

ታቦር_ግርጌ · ዓርብ፣ ማታ 1:12

እሺ ሲስተር። አንዱን የገበያ ቀን፣ አንዱን ሌላ ቀን አደርገዋለሁ። አዲስ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ከየት እንደሚገዛ የሚያውቅ ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ባዶ እጄን ባልሄድ ይሻላል።

---

ካርድ_ክፍል_ነኝ · ዓርብ፣ ማታ 1:30

ስትመጣ ካርድ አውጣ። አድራሻህንም እጠይቅሃለሁ።